የጉድፌ ጥርስ

"ክፈቺ እንጂ። ሰፋ አርጊው። አሁንም ሰፋ፣" አለ መርዳሳ፣ የልጅቷን አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ እያዞረ።

ጉድፌ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን ከእናቷ ላይ አልተነቀለም። እናቷ ተሻለች አንድ የአርሲ ሰው ባቡር ሊሳፈር ሲል ትቶላት ለሄደው በቅሎ ገለባ እያቀረበች ነበርና ክንዷ እንደሞላ ቀና አለች።

"ዕድሜዋን ልታውቅ ከሆነ ጥርሷን ማየት ምን አደከመህ፣ ጠይቀኝ እነግርሃለሁ። ዘጠኝ ነው። በቅሎውንም ልታይ ነው ወይስ ለሱ ቃሌን ታምናለህ?"

አብሮት የመጣው ተማሪ ደሊል ፈገግ አለ። መርዳሳ ግን አልሳቀም። እንኳን ሊስቅ ሲናገር እንኳ የግራ እጁን ከንፈሩ ላይ ጣል ያደርጋል። አዳማ በገቡ በሁለት ቀናቸው የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይቺን ነገር ልብ ብላለች። ልብ ካላሉም የተሻለች ጎረቤት አበዛሽ ታሳያቸዋለች፤ አበዛሽ ያየችውን ነገር ሳታወራ ያደረች ቀን ሆዷን ይነፋታል።

ዘመኑ ጃንሆይ ዘውድ በጫኑ በዓመቱ ነው። ሁለቱ ልጆች የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ናቸው፤ የሚያስተምራቸው ደግሞ ሙሴ የሚሉት ቀይ አንገት ያለው ፈረንጅ፣ አዲስ አበባ ቤት ከፍቶ የሹም ጥርስ የሚነቅል። ሦስቱንም ባቡር ጣቢያው ጓሮ ያሳረፋቸው የሰፈሩ ሹም ባላምባራስ ፉፋ ነው። ነገሩ እንዲህ ሆነ። በሚቀጥለው ወር የውጭ አገር ትልልቅ እንግዶች የጫነ ባቡር በአዳማ ያልፋል ተባለ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ ቄጤማ ይዞ፣ ሀዲዱ ዳር ቆሞ እንዲዘምር ታዘዘ። ባላምባራስ ልጆቹን አሰልፎ "እስቲ ዘምሩ" ሲላቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ እሱም አየና አንገቱን ደፋ።

የአዳማ ልጅ ጥርስ ምን ይባላል። አንዱ እንደ ኖራ የነጣ ነጠብጣብ አለው፣ አንዱ ቢጫ ነው፣ አንዱ ደግሞ እሳት የነካው ዳቦ ይመስላል። የጉድፌ ከሁሉም የባሰ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ መሐል ለመሐል እንደ ቡና የጠቆረ መስመር ያልፍባቸዋል። ባላምባራስ ይህን ሲያይ "ፈረንጁ ምን ይለናል" ብሎ ወደ ሙሴ ላከ።

እንግዲህ ተማሪዎቹ በየቤቱ እየዞሩ ልጅ አፍ ይከፍታሉ፣ እናት ይጠይቃሉ።

"ጥርሷን ታጥቢያታለሽ?" አለ መርዳሳ።

አንቺ ማለቱ ተሻለችን ቆንጠጥ አደረጋት። ሱሪና ኮት ቢያደርግም ከልጅዋ ታላቅ ወንድም፣ በሕይወት ቢኖር፣ ብዙም አይበልጥም ነበር። ገለባውን በረት ውስጥ ጣለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ማንን? ይቺን? ይቺን ደሞ ማን ያጥባታል። ከአመድ ላይ ያነሣኋት ነች። አፈር ትበላለች፣ ውሃ ያያት ዘንድሮ አይመስለኝም።"

"መፋቂያስ?"

"መፋቂያ ብትሰጣት ለፍየል ነው የምታበላው። ቆሻሻ ነች አልኩህ። መልክ የላት፣ ሥራ የላት። አሁን ይቺን ብላችሁ አፏን ስትከፍቱ አታፍሩም?"

ጉድፌ አፏን እንደከፈተች አንገቷን ነቀነቀች። ይህ ዘፈን ከተወለደች ጀምሮ የምታውቀው ነው። እናቷ ባዳ ሰው በሩ ላይ በቆመ ቁጥር ትዘፍነዋለች፣ ሰውየው ሲሄድ ግን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ፀጉሯን ትሠራታለች።

ተሻለች ከጉድፌ በፊት ሁለት ወንድ ልጆች ቀብራለች። ሁለቱም ያማሩ ነበሩ፣ ሰው ሁሉ "ወይ ማማራቸው" ይላቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷ አታወራም። ይቺ ስትወለድ አባቷ ቶሎሳ "ሆራ" ብሎ ስም አወጣላት። ተሻለች ግን ሕፃኗን አመድ መድፊያው ላይ አስቀምጣ ዞር አለች። ጎረቤቷ አበዛሽ አንሥታ "የማን ጉድፍ ነው የወደቀው፣ የሚገዛኝ አለ?" አለች፤ እናትየው በእፍኝ ጨው ገዛቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉድፌ ሆነች። ዓይን ያለው ቢመጣ ምን ያያል? ጉድፍ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ተሻለች በየማለዳው የክትክታ መፋቂያ ታኝክና አለስልሳ የልጅቷን ጥርስ አንድ ባንድ ትፍቃለች፣ በከሰልና በጨው ትደግማለች፣ ድዷ እስኪቀላ። ቡናማው አንድ ቀን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ደሊል ጎንበስ ብሎ የልጅቷን አፍ ለብቻው አየ። ድዷ ጽጌረዳ ነው፣ ትንፋሿም ምንም አይልም።

"እትዬ፣" አላት፣ ድሬዳዋ ያደገ ልጅ ነውና አማርኛው ይንሸራተታል፣ "የምርዎን ነው?"

"የምሬን ነው ልጄ። ምን አተርፍበታለሁ ብዬ።"

ደሊል በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አለ። መርዳሳ በሁለት ቃል ቆረጠውና ወደሚቀጥለው ደጅ ሄደ። የሚቀጥለው የከሪማ ነው። ከሪማ ከወሎ የመጣች፣ ባሏ ጨው የሚነግድ፣ ልሳኗ የማያርፍ ሴት ናት። ተሻለች በአጥሩ በኩል ሰማቻት፦

"ራህመቶን ነው የምትለኝ? እሱ ልጅ ነው ብለህ ነው? ከጅብ አፍ የተረፈ ነገር እኮ ነው፣ ዝም ብለህ እለፈው።"

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፈሩ በሙሉ ልጁን ሲረግም ዋለ።

*

በማግስቱ አበዛሽ እያለከለከች መጣች። ባቡር ጣቢያው ምግብ ቤት ዕቃ ታጥባለችና ጆሮዋ ከሰው ቀድሞ ነው የሚሰማው።

"ተሻለች፣ ተቀመጪ።"

"ተናገሪ እንጂ፣ ቆሜ አልሰማም?"

"ተቀመጪ አልኩሽ። ያ መርዳሳ የሚሉት ልጅ፣ ያ ከንፈሩን የሚደብቀው፣ ባላምባራስ ፊት ለሙሴው አንድ ባንድ ነገረው። በሽታ አይደለም አለው። ቆሻሻ ነው። ማን አለ ሲለው፣ እናቶቹ ራሳቸው፣ በአፋቸው። አንድ እንኳ ልጄን አጥባለሁ ያለች የለችም አለው። ባላምባራስም 'ጉድ ነው፣ ለካ ያገሬ ሴት እንዲህ ናት' ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበው።"

ተሻለች ወደ ደጁ ፊቷን አዞረች።

"አልጨረስኩም። ነገ ጠዋት ልጅ በሙሉ ግራሩ ሥር ይቅረብ ተብሏል። በሞረድ ሊሞርዱት ነው።"

"ምኑን?"

"ጥርሱን ነዋ! የፊት የፊቱን። ቆሻሻው እስኪለቅ። በእግር የሚረግጧት የምትሽከረከር መኪናም አለች፣ አይቻታለሁ፣ እንደ ንብ ነው የምትጮኸው። ደሞ ልጇን ያላመጣች ሴት የውሃ ጉድጓዱ ላይ ወረፋ የላትም ብሏል ባላምባራስ።"

ይሄ የመጨረሻው ለሌላው ሰው ወሬ ነው፣ ለተሻለች ግን እንጀራዋ ነው። ቶሎሳ መተሃራ ሀዲድ ላይ ሠራተኛ ነው፣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፣ የአርሲና የዝዋይ መንገደኛ በቅሎውን እሷ ዘንድ አስቀምጦ ባቡር ይሳፈራል። በበረቷ ዛሬ ስድስት በቅሎ አለ። በቅሎ ደግሞ ወሬ አይጠጣም።

"ለምን እንደዚያ አልሽ ግን?" አለች አበዛሽ።

"ምን ልበል? 'ልጄ ወርቅ ናት፣ ኑና እዩልኝ' ልበል? አንቺስ ምን ትይ ነበር?"

"እኔማ ከዚያም የባሰ እል ነበር፣" አለች አበዛሽ። እውነቷን ነው።

ከሰዓት ተሻለች ጉድፌን በረቱ ጥላ ሥር አስቀምጣ ጥርሷን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች። ቡናማው ላይ የተለጠፈ ነገር የለም። ልሙጥ ነው፤ እንደ ቀንድ ነው፣ ቀለሙ ከውስጥ ነው የሚመጣው።

"ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"ሲሞርዱትስ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣" አለች ጉድፌ። "እነሱ ሲጨርሱ ነጭ ይሆናል?"

"ነጭ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?"

ልጅቷ አሰበች። "ስትዘምሪ አፍሽን በቄጤማው ሸፍኚ ብለውኛል። ነጭ ከሆነ አልሸፍንም።"

*

ግራሩ ሥር ሰው ሞልቷል። ቅዳሜ ገበያ ነውና ከወለንጪቲ እህል ይዞ የመጣውም ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ለማየት ቆሟል። ሙሴው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፒፓውን ያጨሳል፣ ባላምባራስ ፉፋ ከጎኑ ጃንጥላ ያስይዛል። መርዳሳ እጅጌውን ጠቅልሎ ነጭ ሽርጥ አሥሯል፤ ደሊል መኪናዋን በእግሩ እየሞከረ ነው። አበዛሽ እንዳለችው እንደ ንብ ትጮኻለች።

ወረፋው ላይ የመጀመሪያው የከሪማ ራህመቶ ሆነ። ልጁ ደፋር ነው፣ ወንበሩ ላይ በራሱ ወጣ። መርዳሳ አፉ ውስጥ ትንሽ እንጨት አጋደመለትና ሞረዱን የፊት ጥርሱ ላይ አሳረፈ።

ድምፁ ድንጋይ ላይ ቢላ ሲሳል ነው። ልጆቹ ጆሯቸውን ያዙ። ነጭ ዱቄት እከንፈሩ ላይ ወረደ። መርዳሳ ጠረገው፣ አየ፣ አሁንም ሞረደ። ቡናማው እንዳለ ነው። መኪናዋን አስመጣ። ራህመቶ ይሄኔ እግሩን አወራጨ።

"ያዙት፣" አለ ባላምባራስ።

ሁለት ሰው ያዘው። ከሪማ ነጠላዋን ነከሰች። ከቆይታ በኋላ መርዳሳ ቀና ሲል ግንባሩን ላብ ወርሮታል፤ የልጁ ጥርስ እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ መስመሩ ግን ትንሽ ከመደብዘዝ በቀር የትም አልሄደም።

"አፍህን ተጉመጥመጥ፣" አሉት፣ ኩባያ ሰጥተው። ራህመቶ ውሃውን አፉ ውስጥ ባደረገ ጊዜ ከወንበሩ ዘለለ። አፉን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ጩኸት እንኳ አልወጣውም፣ እየዋጠ ነው የሚያለቅሰው።

"ሥር የሰደደ ቆሻሻ ነው፣" አለ መርዳሳ ለሰዉ፣ እጁን ወደ ከንፈሩ መልሶ። "ገና ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ቀጣይ። የተሻለች ልጅ።"

ጉድፌ እናቷን አየች። ተሻለች እጇን አልለቀቀችም።

"ቀጣይ ተብሏል፣" አለ ባላምባራስ።

"ሰምቻለሁ። አልሰጥም።"

ለባላምባራስ ፉፋ አልሰጥም ያለ ሰው አዳማ ላይ አልታየም፤ ግብርም ቢሆን ዘግይቶ እንጂ ይሰጣል።

"ምን አልሽ?"

"አልሰጥም። ያለቀለት ጥርስ አይደለም የምትሞርዱት፣ የምትበላበት ነው። ያ ልጅ ውሃ መጉረስ አቃተው፣ ቡናማው ግን ቁጭ ብሏል። እኔ አላየሁም?"

መርዳሳ ወደ እሷ መጣ። ትዕግሥተኛ ሰው መስሎ ዝግ ብሎ ተናገረ። "ስሚኝ፣ ሴትዮ። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ቆሻሻ ናት፣ መፋቂያ አታውቅም፣ አፈር ትበላለች አላልሽም? ባንቺ ስንፍና ልጅቷ ዕድሜ ልኳን አፏን ስትሸፍን ትኑር? ያ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

እዚህ ላይ ተሻለች አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ግን ያንን መልስ በሕይወቷ ለባዳ ተናግራው አታውቅም። ዙሪያውን አየች። የማታውቀው ሰው ስንቱ ነው፤ ከወለንጪቲ የመጣው፣ ከባቡር የወረደው፣ ማን ምን ዓይን እንዳለው በምን ይታወቃል። ሁለቱ ልጆቿ በሰው ምስጋና መሐል ነው የሄዱት። የጉድፌ እጅ መዳፏ ውስጥ ይሞቃል። ራህመቶ መሬት ላይ አሁንም አፉን ይዟል።

"ይቺ ልጅ፣" አለች፣ ድምፁ የራሷ አልመሰላትም፣ "ይቺ ልጅ ንጹሕ ናት።"

"ሐሙስ እኮ..."

"ሐሙስ ያልኩትን እርሳው። አሁን የምልህን ስማ። ስሟም ጉድፌ አይደለም፣ ሆራ ነው። ከአመድ ላይ አላነሣኋትም፣ ከሆዴ ነው የወጣችው። ጥርሷን ከበቀለ ጀምሮ በየማለዳው በእጄ ፍቄዋለሁ፤ ያንተ ሙሴ የራሱን እንደዚያ ፍቆ ከሆነ ይማልና ይንገረን። ልጄ ቆንጆ ናት። ያማረች ናት። በቅሎ ትገራለች፣ በሁለት ቋንቋ ትከራከራለች፣ ከዚህ ሰፈር እንደሷ የሚዘምር የለም። ቡናማ ጥርስ አላት፣ አዎ። እሱም ያምርባታል።"

ከኋላ አንዲት አሮጊት "እንትፍ፣ እንትፍ" ብላ ምራቋን መሬት ላይ አነጠበች። አበዛሽ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ቀረች። ጉድፌ ደግሞ እናቷን ቀና ብላ እንደ እንግዳ ሰው ታያታለች።

"አብዳለች፣" አለ ባላምባራስ።

"አላበደችም፣" አለች ከሪማ። ራህመቶን አንሥታ ታፋዋ ላይ አድርጋዋለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። "የኔም ራህመቶ ቆሻሻ አይደለም። ለሰላት ስነሣ አብሮኝ ይነሣል፣ አፉን ከኔ በፊት ነው የሚያጥበው። ጨረቃ ነው ልጄ። እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት።"

ከዚያ ማን ያቆማቸው። አንዷ "የኔዋ ማር ናት" ትላለች፣ ሌላዋ "የኔ ልጅ አንድ ቀን በሰው አልተሰደበም" ትላለች። ዓመት ሙሉ ጉሮሯቸው ላይ ተከማችቶ የኖረ ይመስል እየተሻሙ አወረዱት። እንዲያውም አንዷ ሳትጠየቅ ባሏንም ጨምራ አመሰገነች፤ እሱ ግን ውሸት እንደሆነ ሰዉ ሁሉ ያውቃል።

ደሊል መኪናዋን መርገጥ አቁሟል። "አላልኩህም?" አለ ለመርዳሳ በአማርኛ። "የኔም እናት እንግዳ ሲመጣ 'ይሄን ሸይጣን ሂዱና ደብቁልኝ' ነበር የምትለኝ።"

መርዳሳ ከራህመቶ ላይ ዓይኑን አነሣ። ሞረዱ እጁ ላይ ነው። ወደ ተሻለች ጠጋ አለ፣ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ።

"ለምን ዋሻችሁ?"

"ባዳ ነሃ፣" አለች ተሻለች። "ለባዳ ልጇን የምታሞግስ እናት የት አገር ነው ያየኸው? አንተ የየት ልጅ ነህ?"

"የወለንጪቲ።"

"የወለንጪቲ ሆነህ ይሄን አታውቅም?"

"በስምንት ዓመቴ ነው የወጣሁት። ሙሴ ቤት ነው ያደግሁት።" እጁን ከንፈሩ ላይ ሊያደርግ አንሥቶ መሐል ላይ ቀረ። "እናቴ ናት የሰጠችኝ። 'ውሰዱት፣ ለቤት አይሆንም፣ ቆሻሻ ነው' አለቻቸው። ሙሴ አፌን ከፍቶ አየና እውነቷን ነው አለ። ያኔ ነው የሞረደኝ።" ሲናገር እጁ እዚያው ተሰቅሎ ነበርና ተሻለች የፊት ጥርሶቹን አየቻቸው፤ እንደ ራህመቶ የሳሱ፣ ጫፋቸው የተሸራረፈ፣ ሥራቸው ላይ ቡናማው ፈክቶ የቀረ።

"ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጣለህ?"

"አልችልም።"

"እናትህስ አለች?"

"አለች አሉ። ሄጄ አላውቅም። በሷ ስንፍና ነው ብዬ..." አልጨረሰውም።

ተሻለች ቁጣዋ ያለቀ አልነበረም፣ ግን ወዴት እንደምታደርገው ጠፋት። "እስቲ ንገረኝ፣" አለችው። "ለነሱ ስትሰጥህ እጅህን ቶሎ ለቀቀችህ?"

መርዳሳ ሞረዱን እጁ ላይ ገለበጠው።

"ሁለት ሰው ነው ያላቀቃት፣" አለ።

"ታዲያ ቆሻሻ እንደዚያ ተደርጎ ይያዛል?"

ሙሴው ከአግዳሚው ላይ በፈረንሳይኛ ጮኸ። ነገሩ ለምን ቆመ እያለ ነው። መርዳሳ ሞረዱን ሽርጡ ላይ ጠረገና ከረጢቱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ሽርጡን ፈታ። ደሊል ነው ለፈረንጁ ያስረዳው፣ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ሙሴው ትከሻውን ሰብቆ አንድ ነገር አለ።

"ቆሻሻ ካልሆነ ምንድነው ነው የሚለው፣" አለ ደሊል ለሴቶቹ።

"እኔ ምን አውቄ፣" አለች ተሻለች። "የተማራችሁት እናንተ ናችሁ። አውቃችሁ ስትመጡ ልጄን አሳያችኋለሁ። ሳታውቁ ግን አትነኳትም።"

ደሊል ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ቅር ያለው አይመስልም፤ እንዲያውም ገና አሁን ሥራ የጀመረ ነው የሚመስለው። ራህመቶ አጠገብ ቁጢጥ አለና ትልቁን ወንድሙን ሀሰንን አፉን እንዲያሳየው ለመነው። የሀሰን ጥርስ በረዶ ነው።

"ይሄኛውን በምን አጠቡት?" አላት ከሪማን።

"ባንድ መፋቂያ ነው ያደጉት።"

"እዚሁ ነው የተወለደው?"

"ወሎ ነው። አዳማ ስንገባ ጥርሱን ለውጦ ነበር። ራህመቶን ግን እዚህ ነው የወለድኩት።"

ደሊል የሁለቱን ወንድማማቾች ጥርስ አስተያየ። ከዚያ ምን እንደሚበሉ ጠየቃት፣ ወሎ ምን እንደሚበሉ ጠየቃት፣ ውሃውን ከየት እንደሚቀዱ ጠየቃት። ከሪማ "ከጉድጓዱ ነዋ፣ ሰው ከየት ይቀዳል?" ብላ ጥያቄው የእብድ እንደሆነ ሁሉ አየችው። እሱ ግን ለሌላዋም ሴት ያንኑ ጥያቄ ይዞ ሄደ።

ባላምባራስ ፉፋ ጃንጥላውን ከያዘለት ሰው ነጥቆ በራሱ ያዘ። ዘመድ ወዳጅ ባየበት መዋረዱ ነው የከነከነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ ከነጥርሷ ባቡሩ ፊት አትቆምም።"

"ትቆማለች። ፊት ነው የምትቆመው። ቄጤማውን ዝቅ አርጋ ነው የምትዘምረው።"

"ከነገ ጀምሮ ጉድጓዱ ላይ ወረፋ የለሽም።"

ተሻለች ስድስቱን በቅሎዎች አሰበች። ጉሮሯቸው ደረቀ፣ ምላሳቸው ወጣ፣ በዓይኗ መጣባት። ግን አገጯን አነሣች።

"አዋሽ አልደረቀም፣ ባላምባራስ። በቅሎ ደሞ እግር አለው።"

*

ቤቷ እስክትደርስ ድረስ እንደ ወንድ ነው የሄደችው። በሩን ከገባች በኋላ ነው በረቱ ደፍ ላይ ቁጭ ያለችው። ያለችውን ሁሉ አንድ ባንድ አስታወሰችው። ቆንጆ ብላለች። ያማረች ብላለች። ስሟን ሳይቀር ጠርታለች፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ጆሮ ላለው ሁሉ።

ልጅቷ ከፊቷ ቆማለች። "እማ፣ እውነትሽን ነው?"

"የቱን?"

"የዘፈኑን። እንደሷ የሚዘምር የለም ያልሽውን።"

"እሱን ትንሽ አጋንኜዋለሁ፣" አለች ተሻለች። "የከሪማ ሀሰን ይበልጥሻል። ሌላው ግን እውነት ነው።"

ልጅቷ ሳቀች፣ እጇን ሳታነሣ፣ ቡናማው በሙሉ እየታየ።

አበዛሽ በዚህ መሐል ዘው ብላ ገባች። የሰማችው ወሬ ተትረፍርፎ ነበር፤ ሙሴው ከማታው ባቡር በፊት ዕቃውን እያሠረ ነው፣ መርዳሳ ግን አላሠረም፣ ከገበያተኛ ጋር አንድ አህያ ተከራይቶ በወለንጪቲ መንገድ ሲሄድ ታይቷል። ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናገረችና ድስቱ ጋ ሄዳ ቂጡን በጣቷ አሸች። ጣቷ እንደ ሌሊት ጠቁሮ ተመለሰ።

"ነይ፣ ግንባሯን አቅርቢልኝ፣" አለች። "ምን ያለ ቀን ነው ያዋልሽን። ያ ሁሉ ሰው ሰምቶ። ጥላሸት እንኳ ይቀባት፣ ትንሽ ይሸፍናታል። ቶሎ በይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ።"

ልጅቷ ልማዷ ነውና ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን ሰጠች።

ተሻለች ግንባሩን አየችው። ጣቱን አየችው። ሁለቱን ወንድ ልጆቿንም አየች፣ ባይኖሩም። ልቧ ሊቀበል ፈለገ፤ አሁንም ቢሆን አልመሸም፣ ጣት ታህል ጥላሸት ምን ታጎድላለች።

ከደፉ ተነሣችና የአበዛሽን እጅ አንጓው ላይ ያዘችው።

"ተይው፣ አበዛ።"

"ምኑን ልተወው? ዓይን ቢወጋትስ?"

"ቢወጋትም ተሸፍና ሳይሆን ታይታ ይውጋት። ተይው።"

ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ የጎረቤቷን ጥቁር ጣት ቀስ አርጋ፣ ጥፍሩ ሥር እስኪነጣ ድረስ ጠረገችላት።